ኪቦርዱን አይደለም የሸጥነው

የኛ ትውልድ የሚቆጭበት ነገር አያጣም። አንዱ መሬት በርካሽ ሲሸጥ አለመግዛቱ ያንገበግበዋል። ሌላው ዲቪ ሞልቶ ሳይልክ መቅረቱ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ቁጭት ተጨምሮልናል፦ «ምነው ያንን አሮጌ ኪቦርድ ባልሸጥኩት ኖሮ!»

የምሬን ነው። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን ማኪያቷችንን እያማሰልን ሳለ አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ሮላንድ ጁፒተር-8፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ሲንተሳይዘር። የተጠየቀበት ዋጋ ከአስር ሺህ ዶላር በላይ ነው። «አንተ፣ አጎትህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

አጎቴ ቤት የነበረው ጁፒተር አልነበረም። ያማሃ ዲኤክስ-7 ነበር። የሸጥኩትም እኔው ነኝ። ይህን ስናገር ጠረጴዛው ላይ ሐዘን ወረደ። አንዱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ሌላው በዛሬ ምንዛሪ ማስላት ጀመረ፣ ሦስተኛው «እኔም እኮ ፒያሳ አንድ ሰው ኮርግ ሊሸጥልኝ ሲለምነኝ እምቢ ብዬው…» ብሎ የራሱን ለቅሶ አነሳ። ያልገዛውም ከሸጠው እኩል ያለቅሳል!

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ይህንን ለቅሶ ልቃወም ነው። የምናለቅሰው የተሳሳተ ሬሳ ላይ ነውና።

*

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ።

አጎቴ የምሽት ክበብ ሙዚቀኛ ነበሩ። ስማቸው የካሴት ሽፋን ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ከሚጻፍላቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እጃቸውን ማመም ሲጀምራቸው መጫወት ተዉ፤ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡትና «ያንተ ነው» አሉኝ። በ2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ላፕቶፕ አማረኝ። ብርድ ልብሱን ፈታሁና መርካቶ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ አንድ ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። ሰካው፣ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገውና «ይሄማ አሮጌ ነው፤ ሪትም እንኳ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ዲኤክስ-7 ሪትምም ስፒከርም የለውም። 2,800 ብር ተቀብዬ ወጣሁ።

ማታ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ዋጋውን እንኳ አልጠየቁኝም።

«ድምፆቹንስ?» አሉኝ።

«የምን ድምፆች ጋሼ?»

«ውስጡ ያሉትን ነዋ። አወጣሃቸው?»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ራት ቀረበ፣ በላን፣ ተኛን። ያቺን ጥያቄ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ዲኤክስ-7 በሆዱ 32 ድምፆች ይይዛል። ለእያንዳንዱ ድምፅ አስር ፊደል የሚያህል ስም ልትሰጠው ትችላለህ። ድምፆቹን የምትሠራው «ኦፕሬተር» የሚባሉ ስድስት የድምፅ ምንጮችን በ32 ዓይነት መንገድ እያያያዝክ፣ በጠባብ መስኮት ቁጥር እያየህ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረግህ ነው። ከእሱ በፊት እንደነበሩት እንደ ሞግ ዓይነቶቹ ሲንተሳይዘሮች እያዞርክ የምትሰማበት ብዙ ማዞሪያ የለውም። አስቸጋሪነቱ በዓለም የታወቀ ነው። ስንትና ስንት ሙዚቀኛ ተስፋ ቆርጦ ፋብሪካው የሞላለትን ድምፅ እንዳለ ተጫወተ። የዚያ ዘመን የፈረንጅ የፍቅር ዘፈኖች ሁሉ አንድ ፒያኖ የተበዳደሩ የሚመስሉት አንድም በዚህ ነው።

ጋሼን ግን ይሄ አላዋጣቸውም። ፋብሪካው መሲንቆ አልሞላማ! ስለዚህ ቁጭ ብለው ሠሩት። «መሲንቆ 1» ብለው በላቲን ፊደል ሰየሙት፣ አልጣማቸውም፣ «መሲንቆ 2» ሠሩ። ክራር ሠሩ። ዋሽንት ሠሩ። ከቁልፎቹ በስተግራ ያለችውን፣ ድምፅ የምታጎብጠውን ጎማ በአውራ ጣታቸው እያሹ ለአንቺሆዬ የሚሆን መንሸራተት ፈለጉ። ከምሽት ሥራ መልስ፣ ሌሊት፣ በጆሮ ማዳመጫ። እኔ የሸጥኩት ይህንን ነው። ብረቱና ፕላስቲኩ ነጻ ምርቃት ነበር።

*

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

የመጀመሪያው ጠቤ ከባለ ዋጋዎቹ ጋር ነው። «ብታስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ያወጣ ነበር» ከሚሉት። እስኪ ልብ በሉ፦ ዲኤክስ-7 ከ150 ሺህ በላይ ተሸጧል፤ ዛሬም በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። በገንዘብ ካሰብነው ብዙም አልከሰርኩም። ግን ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ዋጋቸው ሰማይ የነካው ማሽኖች እንዴት ተወደዱ? ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣቸውን ቲአር-808 የተባለውን የከበሮ ማሽንና ቲቢ-303 የተባለችውን የቤዝ ሳጥን ውሰዱ። ሁለቱም ገበያ አጥተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከምርት ወጡ። ከዚያም ባገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በርካሽ ወደቁ። የቺካጎና የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች፣ ውዱን መግዛት ያልቻሉት፣ ከዚያ አነሷቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ፊውቸር የተባለው የቺካጎ ቡድን በቲቢ-303 «አሲድ ትራክስ»ን ሲያወጣ ያ የተናቀ ሳጥን አዲስ የሙዚቃ ዓይነት ወለደ። ዋጋው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ዋጋውን የሰጠው ማነው? አልጋ ሥር ያስቀመጠው ነው ወይስ የተጫወተበት? ሁላችንም ጠቅልለን ብናስቀምጥ ኖሮ ዛሬ የሚያለቅስለት ሰው አይኖርም ነበር። ኪቦርድ እንደ መሬት አጥረህ የምትጠብቀው ነገር አይደለም። «ባልገዛሁ ኖሮ» የሚል ሰው አላየሁም፤ «ባልተውኩት» የሚል ግን በሽ ነው። አቦ፣ ያኔ ብትገዛው ትጫወትበት ነበር? ካልሆነ ያመለጠህ ሙዚቃ የለም፤ ያመለጠህ ትርፍ ነው። ስሙን በትክክል ጥራውና አልቅስ።

ሁለተኛው ጠቤ «ዋናው ካልሆነ» ከሚሉት ጋር ነው። ኮርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤምኤስ-20ን አሳንሶ እንደገና ሠራ። የሞግ ኩባንያም ከምርት ከወጣ ሦስት አሥርት ዓመታት ያለፉትን ሚኒሞግ በ2016 መልሶ አወጣ። የዲኤክስ-7ን አሠራር የሚያስመስል «ዴክስድ» የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ከኢንተርኔት በነጻ ታወርዳለህ፤ የጥንቱን ማሽን የድምፅ ፋይሎች ሳይቀር ያነባል። ማሽኑ አልጠፋም፣ አይጠፋም። ጃፓን የሠራችውን ጃፓን ትሠራዋለች፤ ቻይናም ትደግመዋለች። «መሲንቆ 2»ን ግን ማን ይድገመው?

በጣም የሚያበሽቀኝን ልንገራችሁ። እነዚያ 32 ድምፆች በሚዲ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ሲላኩ ስፋታቸው 4,104 ባይት ነው። አራት ኪሎባይት! ቴሌግራም ላይ «እሺ» ለማለት የምትልካት ስቲከር ከዚህ ትበልጣለች። የአንድ ሰው የዓመታት ሌሊት ከአንዲት ስቲከር ያነሰ ቦታ ይበቃው ነበር። እኔ ላፕቶፕ ልገዛ ብዬ ሸጥኩት፤ ላፕቶፑ ላይ ልገለብጠው ስችል።

*

ሦስተኛውና ዋናው ጠቤ ከእኛው አዋቂዎች ጋር ነው። «ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለው» ከሚሉት። ጥሩምባው ወጣ፣ ከበሮው ወጣ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሪትም ለቆ ሠርግ ጨረሰ። ይህ ውሸት ነው አልልም። አንድ ኪቦርዲስት አራት ሰው ሲተካ አይተናል፤ የተተኩት ሰዎችም ልጆች ነበሯቸው። ግን ደግሞ እንተዛዘን። ሙዚቀኛውን በሰዓት እላፊ ያፈነው ኪቦርድ ነው? ያሰደደውስ ኪቦርድ ነው? ስምንት ሰው መክፈል ባልተቻለበት ዘመን ሙዚቃው ጭራሽ እንዳይቋረጥ ያደረገው ያ የተናቀ ኪቦርድ ነው። በየሠርጉ፣ በየምግብ ቤቱ፣ በየመዘምራኑ ስንት ወጣት ጣቱን ያፍታታው በእሱ ላይ ነው።

«ገደለው» የሚለው ፍርድ ያመጣው ጣጣ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ያፈርንበትን ነገር አናስቀምጥም። የኪቦርዱን ዘመን እንደ ጉድ ስላየነው ማንም ማሽኑን አልጠበቀም፣ ድምፁን አልገለበጠም፣ ተጫዋቹን አልጠየቀም። ከእሱ በፊት የነበረውን የጥሩምባውን ዘመንስ በራሳችን አከበርነው? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ ማሳተም ሲጀምርና ዓለም ሲያጨበጭብ እኛም ዞር ብለን «ለካ!» አልን።

ኪቦርዱም ያው ዕጣ ደረሰው። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት አወጣ። ያንን ካሴት በ2013 መልሶ ያሳተመው የአሜሪካ አሳታሚ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ካፌዎች በኩራት የሚያጫውቱት ሙዚቃ፣ እኛ «ኪቦርድ የገደለው» ብለን ከፈረጅነው ዘመን የመጣ ነው። ፈረንጅ እስኪነግረን መጠበቅ መቼ ነው የምናቆመው?

ፋልሴቶንም አሜሪካዊውንም አልወቅስም፤ ቆፍረው አወጡ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እነሱ ሊያገኙ የሚችሉት የታተመውን ነው። ካሴትና ሸክላ ተሸጧል፣ ተባዝቷል፣ የሆነ ሱቅ ጥግ ይገኛል። በአንድ ሰው ኪቦርድ ሆድ ውስጥ ያለ ድምፅ ግን ቅጂ የለውም። እሱን የሚያድነው ባህር ማዶ ያለ ሰብሳቢ አይደለም፤ አልጋ ሥር ማጎንበስ የሚችል የቤት ልጅ ነው። እኔና አንተ፣ እኔና አንቺ።

*

ስለዚህ ቁጭቱን ተዉትና እንሥራ። ቤታችሁ፣ አክስታችሁ ቤት፣ ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ ያረጀ ጎረቤታችሁ ቤት አሮጌ ኪቦርድ ካለ ሦስት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ ከመሸጣችሁም፣ ለጠጋኝ ከመስጠታችሁም በፊት ድምፆቹን ገልብጡ። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ማሽኖች ትውስታቸውን የሚይዙት እንደ ትልቅ የሰዓት ባትሪ ባለች ክብ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ወይም ስትነቀል ድምፆቹ አብረው ይሄዳሉ። የሚዲ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዕቃና አንድ ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። እሱ ከሌለ እያንዳንዱን ድምፅ ከነስሙ በስልካችሁ ቅረጹ። ኪቦርዱ ዲስኬት የሚበላ ከሆነ ዲስኬቱን አትጣሉ፤ እሱም ቶሎ ይገልበጥ።

ሁለተኛ፣ ሰውየውን ጠይቁ። የትኛውን ድምፅ ለየትኛው ዘፈን፣ ከማን ጋር፣ የት ተጫወቱበት? ጻፉት። ባለቤቱ ሳይነገርለት የቀረ ድምፅ ነገ «ያልታወቀ» ተብሎ ነው የሚቀመጠው።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ከፈለጋችሁ ሽጡት! እውነቴን ነው። ለሚጫወትበት ልጅ ሽጡት፣ ስጡት፣ አውሱት።

ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ኤርፖርት ወረፋ እስኪደርሰው ድረስ ከመኪናው ኮፈን ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ጥንታዊ ሞግ አልነበረም፤ ሰብሳቢ ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት ነው። ዓለም ሲያስታውሰው ግን ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ስለሸጠው ወይም ስላልገዛው ኪቦርድ ሲያለቅስ ቢቆይ ኖሮ ይህን ባልሰማን።

እኔስ? ባለፈው ዓመት ላፕቶፔ ላይ ያንን ነጻ ፕሮግራም ጫንኩና ጋሼ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቁጥሮቹን እያዩ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «አራተኛውን ቀንስ… ትንሽ… ተወው» ማለት ጀመሩ። እሑድ እሑድ እንቀመጣለን። እስካሁን ከሠላሳ ሁለቱ ሦስቱን አግኝተናል። «መሲንቆ 2» ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ጋሼ «ቀርቧል፣ ግን እሱ አይደለም» ይላሉ።

የእናንተ አልጋ ሥር ያለው ገና ሙሉ ሠላሳ ሁለት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ እዩት።