19 ምት ለሚያስደንቃቸው

ዶን ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1966 በሞንተሬይ መድረክ ትልቁን የጃዝ ኦርኬስትራውን በ19 ምት ሲያስጫውት፣ አንዳንድ የሙዚቃ ባለሙያዎቻችን «ረቂቅ ሒሳብ» ይሉታል። በገና ዕለት ላሊበላ ላይ የላስታ ካህናት፣ ገሚሱ ከዐለቱ አፋፍ፣ ገሚሱ ከታች ከቤተ ማርያም ቅጽር፣ «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ ግን ያው አድናቂ «ልማድ ነው» ብሎ ያልፋል። ምን ዓይነት ጆሮ ነው ይህ? ኤሊስ እንኳ ጎዶሎ ምትን የቀሰመው ከሕንዳዊው ሐሪሐር ራኦ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። የእኛው አቀናባሪ (እነሙላቱ አስታጥቄ ሳይዘነጉ) ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት የሚሸጋገረውን አቋቋም ሳይማር ከበሮውን በ4 ምት ሣጥን ይከረችመዋል፤ ጥሩምባ ያስጮኽበታል፤ «ዘመናዊ» ብሎም ይሰይመዋል! መሪጌታው ማንንም አላባረረም፤ ደጅ የጠናው የለም እንጂ።