የአያት ድምፅ ከቪዲዮ ሲወጣ

በጋሞ ዞን የመስቀልን ያህል ቤተሰብን የሚሰበስብ በዓል የለም። ሸማኔው ከአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ ሠራተኛው ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ይወጣል። በየቤቱም አያት ሲመርቁ፣ ወጣቱ ሲጨፍር በእጅ ስልክ ይቀረጻል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስልኩ «ቦታ የለም» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ እናት ለማጥፋት በመጀመሪያ የምትመርጠው ረጅሙን ቪዲዮ ነው፤ ረጅሙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአያት ምርቃት ሆኖ ይገኛል።

ውድ አንባቢያችን፣ ከማጥፋትዎ በፊት ጥቂት ይታገሱ። አያት በአንድ ቦታ ተቀምጠው ለ20 ደቂቃ ሲያወሩ ከሥዕሉ ይበልጥ የሚፈለገው ቃላቸው ነው። ጥራት ያለው ቪዲዮ በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊይዝ ስለሚችል፣ ይህ ጨዋታ ብቻውን 2 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል። ድምፁ ብቻ ወጥቶ በተለመደው ኤምፒስሪ ሲቀመጥ ግን 20 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ጥጥ ስትፈትል ዓይኗን ከእንዝርቷ ለማታነሳ እናትም የሚመቸው ይኸው ነው።

ኤምፒስሪ በጀርመን አገር፣ በተለይም በፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም የዳበረ የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ነው። ጆሮ የማይለየውን ይተዋል፤ ሲቀላ ገበያ ባጃጅ በአጠገብዎ ሲያልፍ የጎረቤትዎ ሹክሹክታ እንደማይሰማዎት ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ዘዴውን ሲፈትኑ ከተጠቀሙባቸው ድምፆች አንዱ አሜሪካዊቷ ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ የዘፈነችው ዜማ ነበር። ለካ የሴት ብቸኛ ድምፅ ለማሽን ቀላል አይደለም!

የፋይሉን ስም ከኤምፒፎር ወደ ኤምፒስሪ መለወጥ ብቻ ግን ሥዕሉን አያወጣውም፤ ክብደቱም አይቀንስም። ኮምፒዩተር ካለ፣ ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። «ሚዲያ» ከሚለው ዝርዝር «ኮንቨርት» የሚለውን ከፍተው ቪዲዮውን ይምረጡ፤ ቀጥሎ «ኦዲዮ ኤምፒስሪ» የሚለውን፣ በመጨረሻም የሚቀመጥበትን ቦታና ስም ሰጥተው ያስጀምሩት። ኮምፒዩተር ከሌለ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆችም ይህንኑ ሊሠሩልዎ ይችላሉ። ቪዲዮውን ወደ ኢንተርኔት ልከው እንዲለወጥ የሚጠይቁትን ግን እኔ አልመክርም። የ2 ጊጋባይት ጥቅል ያስበላሉ፤ የቤተሰብ ምሥጢርም ለማያውቁት ሰው ይሰጣል።

ለንግግር 64 ኪሎቢት በቂ ነው። የዶርዜ ዜማ ከሆነ ግን ብዙ ድምፆች በአንድነት የሚተላለፉበት ስለሆነ 192 ቢሆን ይመረጣል። ይህ ዜማ በፈረንሳዊው ተመራማሪ በበርናር ሎርታ ዣኮብ ተቀርጾ በፈረንሳይ አገር በሸክላ እስከ መታተም የደረሰ ነው፤ ቤት ውስጥ በስስት ጨምቆ ማበላሸት አይገባም። አንዴ የታመቀውን መልሶ ማመቅም ድምፁን ያሻክረዋል። ጭፈራው ያለበትን ቪዲዮ ደግሞ አይንኩት፤ እግርና ትከሻ በጆሮ አይታይም።

ድምፁ ከወጣ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጡት። ስም ሲሰጡትም ቁጥር ብቻ አይተዉበት፤ «የእማማ ምርቃት፣ ጨንቻ፣ መስከረም 17» ብለው ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፉበት። አንዱን ቅጂ በሚሞሪ፣ ሌላውን ሽሮ ሜዳ ባለው ወንድም ስልክ ያስቀምጡ። ቪዲዮውን የሚያጠፉት ከዚህ በኋላ ነው።