የበሬ ሌባና የብዕር ሌባ

በደብረ ታቦር ደጋ በጥንቱ ሥርዓት በሬ የተሰረቀ እንደ ሆነ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅ ሸንጎው አይበተንም። የመንግሥት ገንዘብ በሐሰተኛ ደረሰኝ ሲጠፋ ግን አውጫጭኝ የሚጠራ የለም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ተብሎ በዳዩ እንደ ብልህ ይቈጠራል።

ሆኖም ነውር ኃይሉን አላጣም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ የአሠራር ጉድለት ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጣ፤ ከወሰዱት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ በሕግ እንደሚጠይቅ ከማስታወቁም በላይ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ።

እንግዲህ ነገ የግምጃ ቤት ቁልፍ የምትረከብ ወጣት ሆይ፣ የመንግሥት ገንዘብ የፋርጣ ገበሬ ግብር ነውና እንደ በሬው ባለቤት አለው። ጎረቤትም የበሬውን ሌባ እንደሚጠየፍ የብዕሩን ሌባ ይጠየፍ።