መርካቶ ያጣው እንቅልፍ

ስለ ጫት የምናደርገው ክርክር ዘወትር በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን ጫት ትውልድ እያጠፋ ነውና ይታገድ ይላል። ሌላው የገበሬው መተዳደሪያ፣ የአገር የውጭ ምንዛሪ ምንጭ፣ ከአባቶች የወረደ ልማድ ነው ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ቅጠሉን ይዘው ሲጓተቱ፣ የቃሚው ሌሊት እንዴት እንደሚያልፍ የሚጠይቅ አይገኝም። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ጥያቄ ሊዘለው አይችልም። ከባድ የጭነት መኪኖች በቀን ከተማ ውስጥ እንደልብ እንዳይንቀሳቀሱ የሰዓት ገደብ ስላለባቸው፣ ብዙው ዕቃ የሚራገፈው ከመሸ ነው። በርበሬ ተራ ጆንያው፣ ቆርቆሮ ተራ ብረቱ በሰው ትከሻ ሲወርድ ያድራል። አውቶቡስ ተራ ደግሞ ገና ሳይነጋ ረዳቶች የክፍለ ሀገር ከተሞችን ስም እየጠሩ ተሳፋሪ ያስገባሉ። ሌሊቱን ሲያወርድ ያደረው ጫኝና አውራጅ ረፋዱ ላይ የሱቅ ዕቃ ሲያመላልስ ይታያል፤ ከምሳ በኋላ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ የመርካቶ የጫት ጉዳይ ከሁሉ በፊት የእንቅልፍ ጉዳይ ነው፤ እንቅልፍን ያልነካ የጫት ፖሊሲም የትም አያደርስም።

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል። ዐይናችንን ከሚያከብዱት፣ ሰውነታችንን ከሚያዝሉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ስንተኛ ይቀንሳል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲኑን አያስወግደውም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ። ጫት በሌላ መንገድ ይመጣል። በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ከለጋ የጫት ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን በአወቃቀሩም በሥራውም አምፌታሚን ለተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉ የነርቭ መልእክት አስተላላፊዎች ከነርቭ ጫፎች እንዲለቀቁ ያደርጋል። የልብ ምት ይፈጥናል፣ ረሃብ ይጠፋል፣ ድካም ይረሳል፣ ወሬ ይጣፍጣል። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ካቲን ወደሚባለው ደከም ያለ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት የሚጓዘው፣ ጫት የጫነ አይሱዙም አስፋልቱ ላይ እንደዚያ የሚከንፈው ለዚህ ነው። ሰው እንዳይተኛ የሚያደርገው ቅጠል ገበያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ባልተኛ ሾፌር እጅ ነው። ካፌይንም ሆነ ካቲኖን ግን ለሰውነት እንቅልፍ አይሰጡትም። ነዳጅ ሊያልቅ ሲል የሚበራውን ቀይ መብራት ሽቦ እንደመበጠስ ነው፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ነዳጁ ግን አልተሞላም።

«እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ ሲደክመኝ አቆማለሁ» የሚል ቃሚ ብዙ ነው። ችግሩ ሰው የራሱን ንቃት መለካት የሚያቅተው በተለይ እንቅልፍ ባጣ ጊዜ መሆኑ ላይ ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ ሰዎች ለ14 ቀን በየሌሊቱ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። የማስተዋልና የፍጥነት ብቃታቸው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሄዶ፣ እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ካልተኛ ሰው ጋር እስከመስተካከል ደረሰ። እነሱ ግን ያን ያህል እንደደከሙ አልተሰማቸውም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የለመዱት መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ከአውስትራሊያ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ብቃት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ፣ 24 ሰዓት ሲሞላ 0.10 በመቶ ካለበት ጋር እንደሚመጣጠን አሳየ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ መሪ የጨበጠ ሾፌር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 17 ሰዓቱን ሞልቷል ማለት ነው። ቢራ ጠጥቶ ቢሆን ተሳፋሪው ይጮህ ነበር፤ ሳይተኛ ስለዋለ ግን «ጎበዝ ሾፌር ነው» ይባልለታል። ሾፌሩ ቃሚ ከሆነ ደግሞ ምርቃናው፣ የጫቱ ሞቅታ፣ በዚህ ላይ መተማመንን ይጨምርለታል። በምርቃና ሰዓት የማይፈታ ችግር፣ የማይገነባ ፎቅ እንደሌለ ቃሚዎች ራሳቸው ያውቁታል። አእምሮው ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከመቼውም ይልቅ የማይታመነው በዚያው ሰዓት ነው።

ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ሌሊት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሞቅታው ሲበርድ ዝምታና ድብርት ይከተላል፤ እንቅልፍ ግን እሺ አይልም። ብዙዎች ጨብሲ ብለው በአረቄ ወይም በቢራ ምርቃናውን ለመስበር ይሞክራሉ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ያቆራርጠዋል። ስለዚህ በማግስቱ የመቃም ጥማቱ፣ ሐራራው፣ በሰዓቱ ከተፍ ይላል፣ ጫትም ይገዛል። አንድ ቀን ጫት ያልተገኘ እንደሆነ ደግሞ ዱካክ አለ፦ ሌሊት ደረት ላይ የሚቀመጥ፣ ምላስ የሚያስር፣ «ለምን አልቃምክም» ብሎ የሚያስጨንቅ። ብዙ ቃሚ ይህን መንፈስ ነው ብሎ ያምናል፤ ሲነግሩን ልንስቅባቸው አይገባም፣ የደረሰባቸው ነገር እውነት ነውና። እንደ ካቲኖን ያሉ አነቃቂዎች ሕልም የሚበዛበትን፣ ዐይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል ይጫኑታል። አነቃቂው ሲቋረጥ ያ የታፈነ ሕልም በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። በዚህ የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎቻችን በተፈጥሮ ስለሚዝሉ፣ አእምሮ ሰውነትን ቀድሞ የነቃ እንደሆነ ሰውየው ዐይኑን ገልጦ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ፍጡር ያለም ይመስለዋል። ጫት በማይታወቅባቸው አገሮችም ሰዎች ይህንኑ ተናግረዋል፤ ሁከት የበዛበት እንቅልፍም ያባብሰዋል። የዱካክ ታሪክ ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። ዱካክን ፈርቶ የሚቅም ሰው እንግዲህ የሚሸሸው ጫቱ ራሱ ካበላሸው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ማጣት ሲበረታ የሌለ ድምፅ እስከመስማትና ያለምክንያት እስከመጠራጠር ያደርሳል፤ ጫት በብዛት መቃምም ከአእምሮ መታወክ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ሆስፒታል ከመርካቶ ብዙም አይርቅም።

በዚያው በመርካቶ ተቃራኒውን፣ መተኛትን፣ የሚፈልጉም አሉ። በረንዳ የሚያድሩ ልጆች ማስቲሽ የተጨመረበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በጥርሳቸው ነክሰው ወይም በሹራባቸው እጅጌ ደብቀው ይስባሉ፤ ብርዱንና ረሃቡን አደንዝዞ ያስተኛቸዋል። በማስቲሽ ውስጥ የሚገኘው እንደ ቶሉይን ያለ ኬሚካል ሲደጋገም የአንጎልን ነጭ ክፍል ይጎዳል። አዋቂው ላለመተኛት ይገዛል፣ ሕፃኑ ለመተኛት። የሁለቱም ችግር ግን አንድ ነው፤ በሰላም የሚተኙበት ሰዓትና ቦታ የላቸውም።

ጫትን በእንቅልፍ ብቻ ማየት ባህልንና እምነትን መርሳት ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ተመራማሪው አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚቅሙት 80 በመቶ ያህሉ ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ይህን ያህል ሕዝብ እንደ ወንጀለኛ ማየት አይቻልም፤ አይገባምም። ነገር ግን በዱዓ ቤት ተሰብስበው የሚቅሙ አባቶችና ጆንያ ለመሸከም የሚቅም ወጣት የያዙት ቅጠል አንድ ይሁን እንጂ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያውን ለአማኞቹ ልተውና ስለ ሁለተኛው ልናገር። ይታገድ ለሚሉትም መልሴ ከዚሁ ይወጣል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ስትከለክል የኬንያ ሜሩ ገበሬዎች ትልቅ ገበያ አጡ፤ ድካምን ግን ያ ሕግ አላስቀረውም። እኛም ጋ የጫትና የሺሻ ቤቶች በየጊዜው ይታሸጋሉ፤ ቃሚው ወደ ጎረቤት ግቢ ይዛወራል፣ ሌሊት የሚራገፈው ጭነትም እዚያው ይጠብቀዋል። ጫቱ ቢጠፋ እንኳ ሥራው እንዳለ እስከቀጠለ ድረስ በቦታው ሌላ ነገር ይተካል፤ ያ ነገር ከጫት የከፋ ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል?

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የድህነት ነው። «ተኛ ማለት ቀላል ነው፤ የተኛ አይበላም» ይላል የመርካቶ ሰው፤ እውነቱን ነው። በተሸከመው ልክ የሚከፈለው ሰው ያረፈባት ሰዓት ከኪሱ ትጎድላለች። ስለዚህ ለእሱ ምክር መስጠት ፋይዳ የለውም፤ የሥራ ሰዓቱን ለሚወስኑት ነው መናገር ያለብን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ወስኗል። ይህ ልክ ለቢሮ ሠራተኛ ሲደርስ፣ ጀርባው ላይ ጆንያ ለሚያድርበት ሰው አልደረሰም። ከተማው የጭነት መኪናን ወደ ሌሊት ሲገፋ ሰዎችንም አብሮ ገፍቷቸዋል፤ እንግዲያው ሌሊት ለሚያወርዱት በፈረቃ የሚሠሩበትን ሥርዓትና ጋደም የሚሉበትን መጠለያ ማዘጋጀት የከተማው ግዴታ ነው። ዕቃቸውን የሚያስወርዱ ነጋዴዎችም ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቡድን ከማሠራት ሁለት ማፈራረቅ ይችላሉ።

ለሾፌሮችም መፍትሔው ይኸው ማፈራረቅ ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ አውቶቡስ ሁለት ሾፌር መመደብ ወጪ እንዳለው አይካድም፤ አደጋው ሲደርስ የሚከፈለው ግን በሰው ነፍስ ነው። ከአውቶቡስ ተራ እንጀምር። ሾፌሩን «ደክሞሃል ወይ» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ አልደከመኝም ይላል፣ ከልቡም ያምነዋል። አውቶቡሱ ከመውጣቱ በፊት «ትናንት በስንት ሰዓት ተኛህ፣ በስንት ሰዓት ተነሳህ» ብሎ የሚመዘግብ፣ የእንቅልፍ ሰዓቱ ያልሞላለትን ሾፌር አስወርዶ ሌላ የሚያስገባ ሥልጣን ያለው ሰው በሩ ላይ ይቁም።