ዘመድ ሲመጣ አኮን ቤት ትተን አንውጣ



አረፋ ሲደርስ የአዳማ ቤቶች ይጠብባሉ። አጎት ከጅዳ ይመጣል፣ አክስት ከባሌ ትመጣለች፣ ውጭ አገር የተወለዱ የአጎት ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ በረካ ነው። ከዒዱ ማግስት ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «እንግዶቹን የት እንውሰዳቸው?»

መልሳችን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ወጣቱ መኪና ሞልቶ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ ይወርዳል፤ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። አያቶቻችን፣ ብዙዎቻችን «አኮ» የምንላቸው፣ ቤት ይቀራሉ። «ይደክማቸዋል»፣ «ሙቀቱ አይስማማቸውም»፣ «ቤቱንስ ማን ይጠብቃል?» እንላለን። እኛም እንዲሁ ስንል ኖረናል።

አንድ ዓመት ሦስት ሳምንት የቆዩ እንግዶቻችንን ወደ ቦሌ ስንሸኝ፣ ውጭ ያደገች የአጎታችን ልጅ መኪና ውስጥ «ቆይ፣ የአኮ ስማቸው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ማንም አልሳቀም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእጃቸው በልታለች፣ ግንባሯን ስመዋታል፣ ዱዓ አድርገውላታል። ስማቸውን የነገራት ሰው ግን አልነበረም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ያገናኘናት ከሐይቁና ከምግብ ቤቱ ጋር እንጂ ከአኮ ጋር አልነበረም።

ሲለቱ ረሒም ስንል በር ከፍቶ ማብላት ብቻ ነው እንዴ? የበላነው በማግስቱ ይረሳል። የሚቀረው ማን እንደነበርን፣ ከየት እንደመጣን የሰማነው ወሬ ነው። ያን የያዙት ደግሞ ቤት የምንተዋቸው ሰዎች ናቸው።

በሚቀጥለው ዚያራ ነገሩን ቀየርነው። አኮን ከፊት ወንበር አስቀምጠን አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ሙዚየም ሄድን። መጀመሪያ «እኔ ምን ላደርግ?» ብለው ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ የወተት ማለቢያ፣ ኦኮሌ፣ ሲያዩ ግን ቆሙ። ዕቃው ታጥቦ በወይራ ጭስ እንዴት እንደሚታጠን፣ ጭሱ ወተቱን መልካም ጠረን እንደሚሰጠውና ቶሎ እንዳይበላሽ እንደሚረዳ፣ እናታቸው ይህን ሲያስተምሯቸው ስንት ጊዜ እጃቸውን እንደተቃጠሉ ነገሩን። ያቺው የአጎታችን ልጅ ስልኳን አውጥታ እሳቸውን መቅዳት ጀመረች። የማናውቃቸው ጎብኚዎችም ቆመው አዳመጡ። ቤት ውስጥ «ደክመዋል» የምንላቸው ሰው እዚያ አስተማሪ ሆኑ።

ለዚህ ነው ሙዚየምና የአትክልት ቦታ ከሌላው መዝናኛ ይለያል የምንለው። ምግብ ቤት ውስጥ ሁሉም ስልኩን ያያል። አሮጌ ዕቃ ወይም የሚያውቁት ዛፍ ፊት ግን ትልቅ ሰው ዝም ማለት አይችልም።

የት እንሂድ? አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ለእኛ ቅርብ ናት። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ተከትሎ የየብሔረሰቡን ዕቃ ያሳያል። ተቋሙ በዐረብኛና በዐጀሚ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችንም ይዟል። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ደግሞ የአገራችን ዛፎች አሉ፤ እዚያ አኮን «ይህ ለምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ አለች፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ የተሰጣት። ሐዳር ያለው የወንጂን ሸንኮራ አገዳ በሚያጠጣው፣ በሶደሬ በሚያልፈው በእኛው አዋሽ ሸለቆ ነው። ያው ወንዝ ከላይ በኩል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን መልካ ቁንጥሬን ያልፋል፣ ቆቃ ላይ ይገደባል፣ በአዋሽ ፓርክ ፏፏቴ ይሆናል፣ ባሕር ሳይደርስም አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በየቀኑ የምንሻገረውን ወንዝ እንግዳ ይዘን እንኳ አናውቀውም።

በባቱና በሻሸመኔ በኩል ያላችሁ አቢጃታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በእጃችሁ ነው። ከትልልቆቹ ጋር ሂዱ። አቢጃታ ባለፉት አሥርት ዓመታት በጣም ሸሽቷል፤ ውኃው ድሮ የት ይደርስ እንደነበር ጣታቸውን ዘርግተው የሚያሳዩዋችሁ እነሱ ናቸው።

አንዳንድ ወንድሞች «አጥንት ማየት ምን ይጠቅማል? ልጆቹን ስለ ሰው አፈጣጠር ግራ ቢያጋባቸውስ?» ይሉናል። ስጋቱ ይገባናል። ግን ጥያቄው ዛሬም በስልካቸው እየደረሳቸው ነው፣ ያውም ለብቻቸው። ልጁ ከአባቱና ከአጎቱ አጠገብ ቆሞ ቢጠይቅ አይሻልም? መልሱን የማናውቅ ከሆነ «ዓሊሞቻችንን እንጠይቅ» ማለትም ትምህርት ነው።

«ወጪው ይከብዳል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ለብዙ ሰው መኪና መከራየት ቀላል አይደለም። ግን ለአንድ ቀን ምግብ ቤት የምናወጣውን አስቡት። ምሳ ከቤት ቋጥሮ፣ ምንጣፍና ውኃ ይዞ መሄድ ይቻላል። የመግቢያ ዋጋውንና የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዙህርና ዐስር የት እንደምትሰግዱ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። አኮ የሚያርፉበት ወንበር ካለ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ አንድ ክፍል አይቶ መመለስም ጉብኝት ነው።

ደግሞ ስትመለሱ የቤታችሁን ሳጥን ክፈቱ። አያት የቀሩበት ኪታብ፣ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን፣ የድሮ የብር ጌጥ በየቤታችን አለ። ስንቱ ለዕቃ ገዢ በትንሽ ገንዘብ ተሸጦ ሄደ? ሐረር ውስጥ አብደላ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው የከተማቸውን የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና ጌጥ በራሳቸው ጥረት እየሰበሰቡ መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። ዛሬ ሐረርን የሚጎበኝ ሁሉ ያንን ስብስብ ሳያይ አይመለስም። መንግሥት እስኪያዛቸው አልጠበቁም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ «ማስታወሻ ስጡኝ» ሲል ኪታቡን አንስጠው። ፎቶውንና ታሪኩን እንስጠው።

ሙዚየም ገብተን የእኛ አሻራ አነሰ ብለን የምናማርር ከሆነ፣ መጀመሪያ የገዛ ሳጥናችንን እንጠብቅ።

ለመጪው ዒድ አንድ ነገር እንስማማ። ከመኪናው ወንበሮች አንዱ የአኮ ይሁን። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የተወለዱበትን መንደር ሳይጠይቅ ወደ ቦሌ የሚሸኝ ልጅ አይኑር። አላህ ዕድሜያቸውን በጤና ያርዝምልን፤ እኛንም እነሱ እያሉ የምንሰማቸው ያድርገን። አሚን።