ሜዳው የማን ነው?
የከተማ ምክር ቤትና የወቅት መዝናኛ ቦታ

የተከበራችሁ የሐሙሲት፣ የወረታና የአካባቢው ከተሞች መራጮች፤

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት የካናዳዋ ቶሮንቶ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ናታን ፊሊፕስ የተባለ አደባባይ ይገኛል። ከአዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአንድ የከተማዋ ከንቲባ ነው። በአደባባዩ ያለው ገንዳ በሞቃቱ ወራት ውኃ ይፈልቅበታል። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ውኃው በማቀዝቀዣ ረግቶ ሕዝብ የሚንሸራተትበት የበረዶ ሜዳ ይሆናል። የመግቢያ ክፍያ የለውም። የሚያስተዳድረው ከተማው ነው፤ የከተማው በጀት ለምክር ቤት ይቀርባል፤ በጀቱ ሲመረመር ማንኛውም ነዋሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሐሳቡን መስጠት ይችላል።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ለፎገራ ገበሬ በረዶ ማለት የደረሰ ሰብል የሚያወድም መቅሠፍት ነው። ፓርቲያችን የበረዶ ሜዳ እሠራላችኋለሁ ብሎ ቃል አይገባም። እንዲህ ያለ ተስፋ ሕዝብን መናቅ ነው። ከዚያ አደባባይ የምንማረው ሌላ ነገር ነው፦ ቦታው የሕዝብ መሆኑ የታወቀ፣ የአገልግሎቱ ወቅት የታወቀ፣ ሒሳቡም የታወቀ መሆኑን።

አንድን ቦታ እንደ ወቅቱ መጠቀም ለእኛ አዲስ አይደለም። በጎንደር የፋሲለደስ መዋኛ ዓመቱን አብዛኛውን ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ይሞላል። ዩኔስኮ የፋሲል ግቢን እ.ኤ.አ. በ1979፣ የጥምቀትን በዓል ደግሞ በ2019 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የፎገራ ገበሬም በክረምት ሩዝ ባበቀለበት ማሳ ላይ፣ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ መስኖ ያገኘው ሽንኩርት ይተክላል። ገበሬው አንድን ማሳ ለሁለት ወቅት ማዋል ከቻለ፣ ደመወዝተኛ ባለሙያ ያለው ማዘጋጃ ቤት አንድን ሜዳ ማስተዳደር እንዴት ያቅተዋል?

የራሳችን የወቅት ጨዋታም አለን። ታኅሣሥ ሲደርስ ልጆች ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው፣ ሩር እየመቱ ገና ይጫወታሉ። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ ተመታሁ ብሎ የሚቆጣ ጌታ የለም። ዛሬ ግን ልጆቹ በትሩን ቢያገኙ ሜዳውን አያገኙም። በብዙ ከተሞቻችን ክፍት ቦታ ትርፍ መሬት ተደርጎ ይታያል። ዛሬ አንድ ጥግ፣ ነገ ሌላ ጥግ እየተሸነሸነ ያልቃል። ወጣቱ የሚቀረው የጫት ቤትና የመጠጥ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ «ወጣቱ አደገኛ ቦዘኔ ሆነ» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

«የሚጠጣ ውኃ ያላገኘ ሕዝብ ሜዳ ምን ያደርግለታል?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አንሸሸውም። ውኃ ይቅደም እንላለን። ነገር ግን ሜዳን መጠበቅ ውኃን የሚሻማ ወጪ አይደለም። የሚያስፈልገው የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ጥበቃ፣ መጸዳጃ ቤትና የልጆች መጠጫ ቧንቧ ነው። የእኛ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ቦዩ ከሰኔ በፊት ካልተጠረገ፣ መሬቱም በጥቅምት ካልተደለደለ ሜዳው ሜዳ አይሆንም። ይህ ከገንዘብ ይልቅ ዕቅድና ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይጠይቃል። ደግሞም የተሸነሸነ ሜዳ ተመልሶ አይገዛም፤ ውኃው በኋላ ቢመጣ እንኳ ሜዳው አይመጣም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ስፖርትን የማስፋፋት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በከተማ ፕላን ሥራችንም ከከተማው ቦታ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን የሚል መርሕ አለ። ጉድለቱ ከአፈጻጸም ነው። የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሂዶ በ2010 መደረግ የነበረበት ሲራዘም፣ ሕዝቡ የከተማውን ምክር ቤት በድምፁ የሚጠይቅበት በር ተዘጋበት። ድምፅህን የማይፈልግ ምክር ቤት ስለ ሜዳህ አይጨነቅም።

ስለዚህ ፓርቲያችን በከተማ ምክር ቤት ሲመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል።

1. የየከተማው ክፍት ቦታ ተለክቶ፣ ወሰኑ ተተክሎ፣ በፕላን ላይ የሕዝብ ሜዳ ተብሎ ይመዘገባል። ሕዝብ በይፋ ሳይመክርበትና ምክር ቤቱ በግልጽ ስብሰባ ሳይወስን ለማንም አይተላለፍም።

2. የሜዳው የዓመት መርሐ ግብር ይለጠፋል፦ የእግር ኳስ ወራት፣ የገና ጨዋታ፣ የጥምቀት በዓል፣ የዒድ ሶላት፣ እንዲሁም ሜዳው የሚያርፍበት የክረምት ጊዜ። የፖለቲካ ስብሰባ፣ የእኛም ጭምር፣ ተራውን ጠብቆ ይስተናገዳል።

3. ለልጆች መግቢያ በነጻ ይሆናል። ከሻይ ቤት ድንኳንና ከመኪና ማቆሚያ የሚገኘው ኪራይ ለሜዳው ብቻ ይውላል።

4. ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። በግዳጅ መዋጮ አይሰበሰብም።

5. ከወጣቶች፣ ከሴቶች፣ ከእድሮች፣ ከሃይማኖት ተቋማትና ከስፖርት መምህራን የተመረጠ ኮሚቴ አሠራሩን ይከታተላል። ሒሳቡንም የመመርመር መብት ይኖረዋል።

ክቡራን መራጮች፤

በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ሁሉ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሥልጣን ሊኖረን አይገባም። ማንም ዕጩ፣ የእኛም ቢሆን፣ ድምፃችሁን ሊጠይቅ በራፋችሁ ላይ ሲቆም አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «የከተማችን ሜዳ የት ድረስ ነው? ወሰኑን አሳየኝ።» መልስ የሌለውን ዕጩ አትምረጡ። ተመርጠን ቃላችንን ካጓደልን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ እምነት ያጣችሁበትን ተመራጭ የማውረድ መብት ሰጥቷችኋል፤ ተጠቀሙበት።