የአባት ድምፅና አራሱ ልጅ

አራስ ጥየቃ የሄደ ሁሉ ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ከገባ በኋላ ገንፎው ይቀርባል፣ ወጉም ይደራል፤ የዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው ጨቅላ ግን ተሸፋፍኖ ጥግ ተኝቷል። አባት ጎንበስ ብሎ ሊያናግረው ቢሞክር «ተወው፣ ገና ምን ያውቃል?» ይባላል። ይህ አባባል ስሕተት ነው ብለን እናምናለን። ከእናት ይልቅ የሚጎዳውም አባትን ነው።

ጨቅላ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው። ይህም ጡት ሲጠባ በእርሱና በእናቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጆሮው ደግሞ ከመወለዱ ወራት አስቀድሞ ሥራውን ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 አንቶኒ ዴካስፐርና ዊልያም ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ከቴፕ ጋር የተያያዘ የጡጦ ጫፍ እንዲጠቡ አደረጉ። ሕፃኑ በአንድ ዓይነት ምት ሲጠባ የእናቱን ድምፅ፣ በሌላ ምት ሲጠባ የሌላ ሴት ድምፅ ይሰማል። ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ የሚያመጣላቸውን አጠባብ መረጡ።

ዴካስፐር እ.ኤ.አ. በ1984 ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ተመሳሳይ ሙከራ በአባቶች ድምፅ አካሄዱ። ሕፃናቱ የሁለት ወንዶችን ድምፅ መለየት ቢችሉም ለአባታቸው ድምፅ ሲያደሉ አልታየም። ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም። የእናት ድምፅ በራሷ አካል በኩል አልፎ ወራት ሙሉ ወደ ማሕፀን ሲደርስ ቆይቷል፤ የአባት ድምፅ ግን ደክሞና አልፎ አልፎ ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እናት ቀድማ የጀመረችው ትውውቅ ሲኖራት አባት የሚጀምረው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው።

ለዚህ ጅማሬ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ምን ያህል ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት፣ ለአባት ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልባቸው 3 ተከታታይ ቀናት ይፈቅዳል። ለአባት በስሙ ፈቃድ መሰጠቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በቦሌ አየር ማረፊያ በፈረቃ የሚሠራ ወይም በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሮ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት አባትን እናስብ። የመጀመሪያዋ ቀን በሆስፒታል ደጃፍ ታልፋለች፤ ሁለተኛዋ ለገንፎ እህልና ለቅቤ ስትሯሯጥ ትመሻለች፤ ሦስተኛዋ የጠያቂ ናት። በአራተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይገኛል፣ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል። (ጨቅላ በቀን 16 ሰዓት ያህል ስለሚተኛ ነቅቶ ማግኘቱም ራሱ ዕድል ይጠይቃል።)

መታቀፍ ደስታ እንጂ ምን ፋይዳ አለው ለሚል የራሳችን አገር ምሳሌ አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ ክብደታቸው ከ2,000 ግራም በታች የሆነ ጨቅላዎችን በሁለት ከፍለው አጥንተዋል። በአንደኛው ወገን ያሉት ወዲያውኑ ከእናታቸው ደረት ጋር ገላ ለገላ ተጣብቀው ሲታቀፉ፣ ሌሎቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት ከታቀፉት የሞቱት 22.5 በመቶ፣ ከሌሎቹ የሞቱት 38 በመቶ ናቸው። የአባት ደረትም ይሞቃል። እናት በቀዶ ሕክምና ደክማ ብትተኛ ሕፃኑን ገላ ለገላ የሚያቅፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ግን ሥራ ላይ ከሆነ አይገኝም።

ጨዋታ ስንል አሻንጉሊት ማለታችን አይደለም። ፊትን ወደ ፊቱ አቅርቦ በዝግታ መናገር፣ ድምፅ ሲያወጣ ዝም ብሎ ማድመጥና ከዚያ መመለስ፣ እሹሩሩን በወንድ ድምፅ ማዜም በቂ ነው። ምላስ ቢያወጡለት ጨቅላው መልሶ ያወጣል የሚለው እ.ኤ.አ. በ1977 የቀረበ ዝነኛ ግኝት ኋላ ላይ ብርቱ ጥያቄ ስለተነሳበት፣ ክርክራችንን በእርሱ ላይ አንመሠርትም፤ መሞከሩ ግን አይጎዳም። ሕፃኑ ፊቱን ካዞረ ወይም ካዛጋ ደክሞታልና ማቆም ይገባል። አምስት ደቂቃ ለእርሱ ረጅም ነው። የእጅ ስልክ በሌላው እጅ ይዞ የሚደረገውን ጨዋታ ግን ከጨዋታ አንቆጥረውም።

አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን መጠን በመሆኑ ከዚያ በላይ ለመስጠት የሚከለክለው አሠሪ የለም። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ድርድራቸው ውስጥ የአባትን ፈቃድ ወደ ሁለት ሳምንት ማሳደግን ቢያካትቱ፣ ይህም ባይሆን በመጀመሪያው ወር አባትን ከሌሊት ፈረቃ ነፃ ማድረግን ቢጠይቁ፣ ዐዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።